ምንቃሩ የቀላ ወፍ

የሐረር ሰው ወፍ አያውቅም። ጫት አሳየው፣ ቅጠሏን ዳብሶ ከየት ማሳ እንደተቆረጠች ይምልልሃል። ቡና አፍንጫው ሥር አድርግለት፣ ያበቀለውን ሰው ዘር ማንዘር ይቆጥርልሃል። ወፍ ሲሆን ግን ያለው ሁለት ቃል ነው፤ ትልቅ ከሆነ አሞራ፣ ትንሽ ከሆነ ወፍ። አለቀ። እኔም ከዚያ የተሻልኩ አልነበርኩም። ጀጎል ሥጋ ተራ ላይ ከሰው እጅ ሥጋ መንትፎ የሚሄደውን አሞራ ካወቅኩ ምን ጎደለኝ? ድሬ ጠያራ ባልሄድ ኖሮ እስከ ዛሬም እንደዚያው እደነቁር ነበር።

የሄድኩትም ወድጄ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቅኩ። አባቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያኮርፈኝ ከረመና "ከመጽሐፍ ጋር ካልተስማማህ ከማሽላ ጋር ተስማማ" ብሎ ከጀጎል ግንብ ኤረር በር ወዲያ፣ ድሬ ጠያራ ገጠር ሰደደኝ። እዚያ አያቴ ከሸዋ ዘምቶ ሲመጣ ያገኘው መሬት አለን። "አለን" ስል አፌን ይመረኛል። የሚያርሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ላቡ የሳቸው፣ የምርቱ እኩሌታ የኛ። ይሄንን ያኔ ብናገር አባቴ በጥፊ አጮለኝ። አሁንም እናገረዋለሁ፣ ይምጣና ያጩለኝ።

ሽማግሌው ወንጭፍ ሰጡኝና ማሽላው መሀል የተተከለው ማማ ላይ አወጡኝ። መጀመሪያ ቀን፣ ማማው ሥር ቆመው በከዘራቸው አመለከቱ።

"ያቻት ምንድን ናት?"

"ወፍ።"

"ወፍ መሆኗንማ ፍየሎቹም ያውቃሉ። የትኛዋ?"

"አባባ፣ ወፍ ወፍ ነው፤ ልበላት ነው እንዴ?"

"አቦ! ስምንት ዓመት ምን ሲያስተምሩህ ነበር?" ብለው እየሳቁ ሄዱ። ባለቤታቸው፣ እኔ አዴ የምላቸው፣ ከጎጆው በር ላይ ሆነው "ተወው፣ ገና ዛሬ መምጣቱ ነው" አሏቸው። አዴ ሁልጊዜ ለኔ ነበር የሚያደሉት።

ነገሩ እልህ አስያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ምን ሥራ አለህ? ማየት ጀመርኩ። ወፍ መለየት የሞከረ ሰው ግን ንዴቴን ያውቃል። አንደኛ ነገር ቆሞ አይጠብቅህም። ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ሁሉም ጥቁር ነው፣ ዞረህ እስክትመጣ ሄዷል። "ድምፁን ያዝኩት" ስትል ሌላው ተነስቶ ያንኑ ድምፅ ያወጣልሃል። ሽማግሌው ደግሞ ዓይናቸው ከሩቅ አይለይም፤ ብጠይቃቸውም "መልኩን ተው፣ መልክ ያታልላል፤ አካሄዱን ያዝ" ከማለት ሌላ አይጨምሩም። እንደምንም በክረምቱ አንዱን በደንብ ለመድኩት። ጅረቱ ዳር ያለው ግራር ላይ ጎጆውን የሚሰፋ ቢጫ ወፍ ነው፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጫጫታው የገበያ። እሱን ሳይ ዘመድ ያየሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። መስከረም አልፎ ትንሽ ቆየት ሲል ግን ድራሹ ጠፋ። በሱ ፈንታ ቡኒ የሆነ፣ መልከ ቢስ መንጋ መጣ።

በዚያው ሰሞን ከቆላ ወሬ ደረሰ፤ ግሪሳ የሚሉት ወፍ እንደ ደመና ወርዶ ማሽላውን ሙልጭ አደረገው ተባለ። እኛ ጋ ግሪሳን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ከጅረቱ ማዶ የሚያርስ አንድ ጎረቤት ነበረ፣ ጮክ ብሎ ካልተናገረ የተናገረ የማይመስለው፤ እሱ መጥቶ "አንተ ተማሪ፣ ግሪሳ ምን ይመስላል?" አለኝ። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ተለጥፎ ነበርና ያየሁትን ነገርኩት፤ ሰውነቱ ቡኒ፣ ምንቃሩ ቀይ። እውነት ነው፣ ሥዕሉ እንደዚያ ነበር።

በማግስቱ ያ ሰው እየሮጠ መጣ። "መጥቷል! አንዱን በወንጭፍ ጥዬ አየሁት፣ ምንቃሩ ደም መስሏል!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪሳ ከሆነ ጠብቀህ አትችለውም፣ እሸቱን ቶሎ አጭደህ የተገኘውን ታተርፋለህ። ግሪሳ ካልሆነ ግን ፍሬው ገና ወተት ነው፣ አጨድከው ማለት የዓመት ቀለብህን ለከብት ሰጠህ ማለት ነው። ሽማግሌው ቀኑን ሲያወላውሉ ውለው ማታ ጉዛ ጠሩ። ጉዛ እዚያ አገር ደቦ ነው፤ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ባለማሳው ምግብና ጫት ያቀርባል። አዴ እህል መፍጨት ጀመሩ።

"አባባ፣ ባይሆንስ?" አልኳቸው።

"ባይሆን ተራብን። ሆኖ ዝም ብንልም ተራብን።" ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ጫር ጫር አደረጉ። "አባትህ ማሽላው ቢጠፋ ከገበያ ይገዛል። እኔ ወዴት ነው የምሄደው?"

 ገና ሳይነጋ ማማው ላይ ወጣሁ።

ጠዋት ሰዎቹ ማጭድ በትከሻ ይዘው ሲደርሱ፣ መንጋው ማሳውን ከከበበው የቁልቋል አጥር ላይ ግር ብሎ ተነሳ። ያልጮኸ የለም። እኔም ከማማው ወርጄ ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅኩት፤ ዒላማ የለ፣ ምን የለ፣ መሀላቸው ነው የወረወርኩት። አንዱ ዱብ አለ። አነሳሁት። አልሞተም፣ ደንዝዟል፣ ልቡ መዳፌ ላይ ይደልቃል። ምንቃሩ ቀይ ነው።

"ይኸው!" አለ ጎረቤትየው። "ተማሪው እንዳለው! በሉ ግቡ፣ እጨዱ!"

ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ማጭዳቸውን አነሱ። ይሄኔ ወፉ ነቃ። ደረቴ ላይ ተንፈራገጠ፣ ራሱን ሸሚዜ ላይ አሸት አሸት አድርጎ ከእጄ አመለጠ። ያቺ ነጭ የተማሪ ቤት ሸሚዜ ደረቷ ላይ ቀይ በቀይ ሆነች።

"ቆሰልክ?" አሉኝ ሽማግሌው።

ደረቴን ዳበስኩ፣ ቁስል የለም። ወፉ አጥሩ ላይ አርፏል፣ ደህና ነው፤ ታዲያ ደሙ የማን ነው? አንዱን ሰውዬ "እስቲ እዩልኝ" ብዬ ስጠጋው ወደኋላ አፈገፈገ። "ራቅ በል! ደም ነው፤ በምን ልሰግድ ነው?" አለኝ። ልክ ነበር፤ ደም የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ለካ ጎረቤትየውም ያን የጣለውን ወፍ በእንጨት ገልበጥ አድርጎ ነው እንጂ በእጁ አልነካውም።

እኔ ምን ቸገረኝ? ሸሚዜን ወደ አፌ ሳብኩና ላስኩት።

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ባንድ ላይ።

"ክርስቲያኑ ደም ጠጣ!" አለ ጎረቤትየው።

"ዝም በል አቦ! ይጣፍጣል!" አልኩት።

"አበደ!"

"ደም ይጣፍጣል እንዴ? ቲኒ ነው! የአጥራችሁ ቁልቋል ፍሬ፣ በለስ ነው!"

ማንም አላመነኝም። አዴ የምግቡን ገበታ ምድር ላይ አስቀምጠው መጡ። ነጠብጣቡን አዩት፣ አሸተቱት። "ወላሂ ቲኒ ነው። የልጆቹን ልብስ ሳጥብ እጄን ሲያሳርረኝ የሚውለው ይሄው አይደል? ደም ቢሆን በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅ ነበር፣ ይሄ ግን አይለቅህም፣ ሸሚዝህን ተሰናበታት" አሉና ሳቁ።

ሁላችንም ወደ አጥሩ ሄድን። ቲኒው በስሎ፣ ውስጡ ቀይ የሆነው ፈንድቶ፣ ወፎቹ እስከ ዓይናቸው ድረስ ራሳቸውን እየነከሩ ይበላሉ። ያ የኔው ወፍ ሸሚዜ ላይ የጠረገው ምንቃሩ እንደ ፍየል ሰኮና ግራጫ ሆኗል። ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ ጉሮሮው ሥር አንዲት ቢጫ ላባ ቀርታለታለች። ቢጫዎቹ የትም አልሄዱም ነበር። ልብሳቸውን ቀይረው እዚያው አጠገቤ ሲንጫጩ ከርመዋል፣ እኔ ነኝ ያላወቅኳቸው።

"እሺ ግሪሳው ነገ ቢመጣስ?" አለ ጎረቤትየው፤ ተሸንፎ ዝም አይልም።

"ነገ ቢመጣ ነገ እናለቅሳለን" አሉ ሽማግሌው። ማጭዳቸውን ጎጆው ሣር ላይ ሰኩት። "ምግቡ ይበላ። ጫቱም ይበላ። ከዚያ በየማዕዘኑ ቁጭ ብላችሁ ጩኹልኝ።" ያን ቀን ለአጨዳ የመጣ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ጫቱን እየቃመ ወፍ ሲያባርር ዋለ። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ግሪሳው አልመጣም። ማሽላው ደርቆ፣ ዛላው ከብዶ ታጨደ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን እፍኝ በእጄ አስያዙኝና "አልሐምዱሊላህ፣ ምላስህ ለአንድ ነገር ጠቀመች" አሉኝ። ከዚያ እኩሌታው በአህያ ተጭኖ አባቴ ቤት ገባ። ቢጫዎቹ ወፎች ምን ያህል እንደበሉ አላውቅም፤ እኛን ያህል ግን አልበሉም።

ካቻምና አባቴ መሬቱን ሸጠው። የገዛው ሰው ሽማግሌውን አስነሳቸው፤ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ። አንዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ይለኛል፣ አንዱ ልጃቸው ጋ ድሬዳዋ ይለኛል።

እኔ አሁን ጫት መኪና ላይ እጭናለሁ። ጠዋት ሥራ ከሌለ ኤረር በር እቆማለሁ። ገበያተኛው ከታች ሽቅብ ሲመጣ ፀሐይ ከጀርባው ናት፣ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ሽርጥ ለብሷል፣ ሁሉም ከዘራ ይዟል። ጓደኞቼ "ምን ላይ አፍጥጠሃል?" ይሉኛል። "ወፍ" እላቸዋለሁ። መልኩን ትቼ አካሄዱን አያለሁ፤ ሽማግሌው ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትቱ ነበር፣ ከዘራቸውን ከመትከላቸው በፊት አየር ላይ አንዴ ያወዛውዟት ነበር። እስካሁን አንድም የሳቸው አካሄድ አላለፈም። ቲኒ በሚደርስበት ሰሞን ግን አዘውትሬ እቆማለሁ።