ወይዘሮ ሎሚ የቆሙበት ሸራ

ባሌ ዘርአጽዮን ሾላ ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰውን ሁሉ ሲያነሳ ይኖራል፤ እሱ ግን ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። የገዛ ሠርጋችንን ያነሳው እሱ ስለሆነ፣ አልበሙ ላይ ብቻዬን ሙሽራ ሆኜ ቀረሁ። «ባልሽ የት አለ?» ሲሉኝ፣ «ከካሜራው ኋላ» እላለሁ። እንግዲህ ምን ልበል።

በደርግ ጊዜ፣ መንገዱ ሁሉ ኬላ በነበረበት ዓመት፣ ጣሪያችን ክረምቱን ሲያፈስ ከርሞ ደንበኛ ከፊቱ ቆሞ የሚነሳበትን የሸራ ሥዕል አበላሸው። የፈረንጅ ሐይቅና ጀልባ ነበረበት። የሠርጉ ወር ጥር ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ያለ ሥዕል ሙሽራ ወደ ፒያሳ መሄዱ ነው፣ ሙሽራ ከሄደ ፎቶ ቤቱ መዘጋቱ ነው። እኔ ስጨነቅ ዘርአጽዮን ፈካ። «የአገራችን ገጠር እያለልን ጀልባ ምን ያደርግልናል? ሄጄ አነሳለሁ፣ ሠዓሊው ገብረኣብ እሱን አይቶ በሸራ ይሥልልኛል» አለ።

የወንድሜን ቮልስ ተውሰን፣ የኩፖን ቤንዚን ለምነን፣ በኮተቤ አድርገን ወደ የካ አባዶ ወጣን። ያኔ እርሻ ብቻ ነበር። ኅዳር ነው፣ ስንዴው ቢጫ ሆኗል፣ ከኋላው ተራራው። እኔ ከተሜዋ እንኳ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ካሜራውን ሲያቆም አንዲት ሴትዮ ማጭድ ይዘው መጡና ስንዴው መሀል ቀጥ ብለው ቆሙ። የእርሻው ባለቤት ወይዘሮ ሎሚ ናቸው።

«እማማ፣ ዞር ይበሉልኝ። ቦታውን ብቻ ነው የምፈልገው» አላቸው።

«እኔን የሚያስፈራኝ ቦታውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ነው» አሉት። «ባዶውን አንስተህ ቢሮ ብታሳይ፣ ባለቤት የለውም ብለው መንደር ይሠሩበታል። እኔ መታየት አለብኝ።»

የመንግሥት ሰው አይደለሁም ብሎ ማለ። ማን ሰምቶት። ካሜራውን ወደ ግራ ሲወስድ እሳቸውም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲመልስ ወደ ቀኝ። እኔ መኪናው ላይ ተደግፌ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ፊልም እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነው፤ ለአንድ ፎቶ የሚሆን ብቻ ቀርቶታል። «ይሁን፣ ገብረኣብ ሲሥል ይተዋቸዋል» ብሎ አነሳቸው። ሲሸኙን የባቄላ እሸት አስታቀፉን።

ገብረኣብ ግን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። «ያለን ሰው አላጠፋም» ብሎ፣ ዓይናቸውን እንደ ጻድቅ አጉልቶ፣ ሙሽራ የሚያህሉ አድርጎ ሣላቸው። ባሌ ራሱን ያዘ።

በጥር መጀመሪያ የመጣችው ሙሽራ ለተብርሃን የምትባል ልጅ ነበረች። ሸራውን ቆማ አየችው። አለቀልን አልኩ በሆዴ። እሷ ግን፣ «እናቴ ትግራይ ናት፣ መንገድ ተዘግቶባት ቀረች። ከእኚህ እናት ጎን አቁሙኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ወረፋ ነው። እናቱ የራቀችበት፣ እናቱ የሞተችበት፣ ሁሉ ከእሳቸው ጎን ሊቆም መጣ።

ወይዘሮ ሎሚም ሾላ ቅቤ ሊሸጡ መጥተው ወሬውን ሰሙ። ገብተው ራሳቸውን ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ይቁሙ፣ በነጻ ላንሳዎት» አላቸው ዘርአጽዮን።

«እኔማ ቆሜያለሁ። አንተ ሂድና ከሚስትህ ጋር ቁም።»

«ማን ሊያነሳን?»

«የቱን ነው የምጫነው?» አሉ፣ ቅቤ የነካ ጣታቸውን እየጠረጉ።

ያ እርሻ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ፎቶው ሳሎናችን አለ። ትንሽ ዘሟል፣ የባሌም ግንባር ተቆርጧል፣ ከኋላችን ሸራው ላይ ያሉት ወይዘሮ ሎሚ ግን ስንዴያቸው መሀል ሙሉ ናቸው። ባልሽ የት አለ ለሚለኝ፣ ከእሳቸው ፊት የሚስቀውን ሰውዬ አሳየዋለሁ።