የአባባ ሁለተኛ ዓይን

የክብረ በዓሉ ዋዜማ ነው... አባባ የምላቸው አያቴ ግራዝማች ይልማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዲሱ ሥዕል ፊት ቆመው ወለሉን በከዘራቸው ደለቁትና «አንደኛዋ ዓይኔ የታለች?» አሉ።

ጊዜው የጃንሆይ፣ አገሩ ሐረር፣ እኔ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ። ሥዕሉ ጌታ የዕውሩን ዓይን ሲያበራ ያሳያል። ያሠሩት አባባ ናቸው። አሠሪው ደግሞ እንደ ደንቡ ከታች፣ ከጌታ እግር ሥር ተንበርክኮ ይሳላል። ችግሩ... አባባ የተሳሉት ከጎን ነው። በአንድ ዓይን!

በእኛ ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል... ሰይጣንና ጭፍሮቹ። ነገ መጋረጃው ሲገለጥ አገር ምድሩ ግራዝማችን ከእነማን ጋር ሊደምራቸው እንደሆነ አስቡት።

«መሪጌታ፣ ምን በደልኩዎት?»

ሠዓሊው ላባቸውን ጠረጉ። «ግራዝማች፣ እኔ የላኩልኝን ፎቶ ነው የሳልኩት።»

እውነታቸውን ነው። አባባ «ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ለሠዓሊ ልገተር?» ብለው ፎቶ ነበር የላኩት። ጀጎል ግንብ ሥር ቆመው፣ ጠላት የመጣ ይመስል አሻግረው ሲያዩ የተነሱትን። ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ።

«በሉ አሁን አንዷን ይጨምሩልኝ!»

«ከጎን ላለ ፊት የት ላድርጋት ጌታዬ?»

«ፈጣሪ ያደረጋት ቦታ ነዋ!»

መሪጌታ አማትበው ብሩሻቸውን አነሱ። ቦታ ከየት ይምጣ? ዓይኗ ከአፍንጫቸው ማዶ፣ ግማሿ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አባባ ራቅ ብለው አዩ፣ ቀረብ ብለው አዩ... «አሁን ሰው ሆንኩ» አሉ።

በማግስቱ መጋረጃው ሲገለጥ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። በአንድ ሥዕል ሁለት ሰው ዓይኑ ሲበራለት አይቼ አላውቅማ!

አንድ ነገር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከፊት ለፊት የተነሱት ፎቶም ነበር... እኔ ሕፃን ሆኜ፣ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጬ፣ ጺማቸውን ጨምድጄ። መሪጌታ ቀለም በቀለም በሆነ እጃቸው ሲያገላብጡት ታየኝና አሳሳኝ። ትራሴ ሥር ደበቅኩትና «አባባ፣ ከዚህኛው ሌላ የለም» አልኳቸው።

አባባ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሐረር በሄድኩ ቁጥር ሥዕሉን እሳለማለሁ። የድሮዋ ዓይናቸው ጌታን ታያለች... የተጨመረችዋ ግን ቀጥ ብላ እኔን።