በረኛውን ያስወጣሁበት ጨዋታ

በእግር ኳስ ቡድን ውስጥ የእኔን ሥራ የሚሠራ ሰው ወጌሻ ይባላል። የተማርኩት የስፖርት ጉዳት ሕክምና ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ተጫዋቹም ደጋፊውም የሚጠራኝ ወጌሻ እያለ ነው። አብዛኛው ሥራዬ ቁርጭምጭሚት ማሰር፣ የተሳበ ጡንቻ ማሳረፍ፣ የወደቀው ከልቡ ተጎድቶ ይሁን ሰዓት ሊገድል መለየት ነው። እየጮኸ የሚንከባለል ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። እኔን የሚያስሮጠኝ ዝም ብሎ የተኛው ነው።

በረኛችን ያን ቀን ዝም ብሎ ነበር የተኛው።

የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው። ከሜዳ ውጭ ቃል የሚወጣው በግድ ነው፤ በሩ ላይ ሲቆም ግን ተከላካዮቹን እንደ በሬ እየጠራ ይነዳቸዋል። ወሩ ጥር ነበር፤ ሜዳው ደርቆ እንደ አውድማ ጠጥሯል። የረፋድ ጨዋታ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ለባዶ እየመራን፣ የማዕዘን ምት ተሻማብን። በረኛው ወጥቶ ኳሷን በቡጢ መለሳት። ከእሱ ጋር የዘለለው አጥቂ ጉልበት ጆሮ ግንዱን አገኘው።

ስደርስ ዓይኑ ተገልጧል። አንገቱን እንዳያዞር ራሱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አንገትህን ያምሃል?»

«አያመኝም።»

ጣቶቼን ጨብጥ አልኩት፣ ጨበጠ። እግሮቹን አንቀሳቀሰ። የአንገቱን አጥንት ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት፤ የሚያመው ቦታ የለም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስንት ለስንት ነን?» አለኝ።

«አንድ ለባዶ እየመራን ነው።»

«ማን አገባ?»

ነገርኩት። ጓንቱን እያጠበቀ ተነሣ። አልተንገዳገደም። ተመልካቹ አጨበጨበለት።

«ስንት ለስንት ነን?» አለኝ፣ በዚያው ድምፅ።

ከማን ጋር እንደምንጫወት ጠየቅሁት። ባለፈው ሳምንት የገጠምነውን ቡድን ጠራልኝ። እጄን አንሥቼ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ አሳየሁ፤ አይጫወትም ማለቴ ነው። አሰልጣኙ እስከ መስመሩ መጣ።

«ቅያሪ ጨርሰናል።»

«አውቃለሁ።»

«ይኸው ቆሟል እኮ። ይራመዳል።»

«ይራመዳል። የት እንዳለ ግን አያውቅም። አሁን ደግሞ ቢመታ ሊሞት ይችላል።»

አሰልጣኙ በረኛውን ትንሽ አየው። ከዚያ አንዱን ተከላካይ ጠርቶ የበረኛ ማሊያ አስለበሰው። በረኛው እጄን ገፋ፤ አስገቡኝ እያለ ለመነ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስንት ለስንት ነን አለኝ። ተከላካዩ ሁለት ጎል ገባበት። ተሸነፍን። ከአጥሩ ወዲያ ስለ እኔ የተባለውን ሰምቻለሁ፤ መድገሙ አይጠቅምም።

ጨዋታው ሲያልቅ ማደሪያው ሄዶ ይተኛ ያሉ ነበሩ። ራሱን በመዳፉ ይዞ ስለነበር እምቢ አልኩና በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድኩት። መንገድ ላይ አስታወከ። ከዚያ እንቅልፍ ይጥለው ጀመር፤ ስጠራው የሚመልስልኝ እየዘገየ ሄደ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሐኪሟ ዓይኑ ላይ መብራት አበራች፤ የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ከሌላኛው ሰፍቷል። ወዲያው ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጻፈችለት። አምቡላንሱ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ስሙን እየጠራሁ ሄድኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ብጠየቅ ፍርሃት ነው ለማለት ይከብደኛል። እጄ ሥራ ይዞ ነበር፤ ትንፋሹን እከታተላለሁ፣ ሲያስታውክ በጎኑ አዞረዋለሁ።

በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ፈስሶ ነበር። እንደደረስን ቀዶ ጥገና ገባ። በማግስቱ እናቱ መጡ። ልጃቸው ተኝቶ ሲያዩ አላለቀሱም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነው የመታው፣ ወንድማለም?»

«ኳስ ሊያወጣ ሲል ተጋጩ እንጂ ሆን ብሎ የመታው የለም፣ እማማ።»

«ያኛውስ ልጅ ተርፏል?»

«ጉልበቱ አብጧል። ደህና ነው።»

«ተመስገን» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጡት።

ከሆስፒታል ሲወጣ አገራቸው ወስደው ጸበል ሊያስጠምቁት ፈለጉ። ቁስሉ ሳይደርቅ ራሱ ውኃ እንዳይነካው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እስከዚያ ይጠጣው። መጠመቁ ይደርሳል» አሉኝ። ስለዚህ አልተከራከርንም።

ዳነ። ሐኪሞቹ ግን ዳግመኛ በር ላይ እንዳይቆም ከለከሉት። ብዙ ወራት አላናገረኝም። ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ረስቶታል፤ ሰው የነገረው በእግሩ ቆሞ ሳለ ያስወጣሁት እኔ መሆኔን ብቻ ነው። አሰልጣኙም ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም። የታፋ ጡንቻው የተሳበ ተጫዋች በመጣ ቁጥር ግን ይጫወት አይጫወት እያልን ዛሬም እንከራከራለን።

በዓመቱ በረኛው አንድ ቀን ልምምድ ሜዳ መጣ። አሁን አምበር ከተማ ከአጎቱ ጋር እህል ይነግዳል። አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠና፣ «ያን ቀን ምን እንደሆነ ንገረኝ» አለኝ። ከማዕዘን ምቱ ጀምሬ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«አስገቡኝ ብዬ ለምኜሃለሁ?»

«ለምነኸኛል።»

«ተቆጥቼሃለሁም?»

«አዎ።»

ጉልበቱን አቅፎ ወደሚያሟሙቁት ልጆች ዞረ።

«ኳሷስ? በደንብ መትቻት ነበር?»

«በደንብ። ከሳጥኑ ውጭ ነው ያረፈችው።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሱሪውን አራገፈና የአምበር መኪና ሞልቶ ሳይሄድበት ለመድረስ ወደ መናኸሪያው ወረደ።