እህት ታደለችና አንካሳው መዝሙር

ሶዶ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሲበላሽ መጨረሻው እኔ ቤት ነው። ዛሬ ዓይኔ ደክሞ ሥራውን ለልጆቼ ብተውም፣ ጠጋኝ ነን የሚሉት ሁሉ ነገሩ ሲጠፋባቸው በሬን ያንኳኳሉ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፈትቼ በመግጠም፣ አበላሽቼ በማቃናት ራሴን ያስተማርሁ ነኝ፤ ይህንንም ስናገር አላፍርም።

ባለፈው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከስልኳ የፒያኖ ሙዚቃ ከፈተች። እኔ ትኩስ የቦዬ ሥር እየላጥሁ በዳጣ በርበሬ አጠቅሳለሁ። ጉርሻዬ አፌ ሳይደርስ ቆመ። ግራ እጅ ቀጥ ብሎ ይራመዳል፤ ቀኝ እጅ አንዴ ይቀድመዋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ግን አይጠፋፉም።

«ይህን አውቀዋለሁ» አልኋት።

«አባባ ደግሞ የማያውቀው የለም!» ብላ ሳቀች። «ራግታይም የሚባል የሙዚቃ ስልት ነው። ይህን ዜማ የደረሰችው ድሮ አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት ናት። ስሟን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ የለም።»

«እኔ የሰማሁት እዚሁ አገራችን፣ ጉኑኖ ነው» አልሁ። አላመነችኝም።

ያኔ ጢሜ ገና እያቆጠቆጠ ነበር። አረካ ገበያ ጥግ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ስሜ ግን ከዚያ አልፎ ይሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጉኑኖ ቤተ ክርስቲያን በእግር እየተረገጠ የሚነፋው ኦርጋናቸው ተበላሽቷል የሚል መልእክት መጣልኝ። ኦርጋን በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። «እችላለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና መንገዱ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ጭቃ ነበር፤ በየደጁ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል።

የጠበቀችኝ እህት ታደለች ናት፤ በሳምንቱ ቀናት ሕፃናትን ፊደል ታስቆጥራለች፣ እሁድ ኦርጋን ትጫወታለች። እስከ ዲምቱ ድረስ የሚዘመሩ ብዙ መዝሙሮች የእርሷ ነበሩ፤ ማን ደረሳቸው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አሁን የደረሰችውን አዲሱን መዝሙር ለመስማት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በዚያው ዕለት ከሰዓት ይመጣሉ። «ያነክሳል፣ ለጭፈራ ያስነሣል» የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ካልወደዱት ከእንግዲህ ከመዝሙር መጽሐፉ ሌላ እንዳትጫወት፣ የራሷንም እንዳታመጣ ወስነዋል።

ሥራው ቀለለኝ። የኦርጋኑ ሳንባ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ያለ ነው፤ ቆዳው ተቀዶ ነበር። በፍየል ቆዳና በብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ደፈንሁት።

«መዝሙሩን ከየት አገኘሽው?» አልኋት እየሰፋሁ።

«ከእናቴ ደጅ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አላየህም? አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች፤ ዘነዘናቸው አይጋጭም። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይህን አይሰማም ብለው ነው እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አለቃቸው ጋሽ ቶማ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እህት ታደለች ጀመረች። ገና መግቢያው ላይ ሳለች፣ ጧ! ፔዳሉን ከወናፉ የሚያገናኘው ጠፍር ተበጠሰ። እኔ የደፈንሁት አይደለም፤ እርሱ ዛሬም ቢሆን አይላቀቅም።

ጋሽ ቶማ ባርኔጣቸውን አነሡ። «በቃ፣ ኦርጋኑም እምቢ አለ።»

«አንድ ጊዜ፣ ጋሽ ቶማ!» ብዬ ጮህሁ። የጀርባውን ሳንቃ ነቅዬ ተንበረከክሁና ወናፉን በእጄ ያዝሁት።

እህት ታደለች ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ማርቆስ፣ እጅህ እንደ አፍህ ከፈጠነ አለቀልኝ። እኩል እኩል ሳብ። እኔ ብሄድም አትከተለኝ። ዞሬ የምመጣው አንተ ጋ ነው።»

ከዚያ የሆነውን መናገር ይከብደኛል። ድምፁ ከፊቴ ካለው እንጨት ውስጥ ይወጣ ነበር፤ ደረቴ ድረስ ይነዝረኛል። ግራ እጇ ከእኔ ጋር ይራመዳል። ቀኝ እጇ ግን ይሮጣል፣ ይደበቃል፣ ሊወድቅ ነው ስል ከሌላ በኩል ብቅ ይላል። ክንዴ ወደ እርሱ ሊሄድ ይታገለኛል። ብከተለው አየሩ ያልቃል፣ መዝሙሩም እርሷም አበቃላቸው። ጥርሴን ነክሼ ሳብሁ። እንዳለችውም ዞራ መጣች፤ ሁለቱ እጆች እኔ ወናፉን በሳብሁበት ላይ ተገናኙ፤ ፀጉሬ ቆመ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ ማውጣት እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

«ድገሚው» አሉ ጋሽ ቶማ።

«ለምን?» አለች እህት ታደለች።

«የሚያነክስበትን ቦታ ልይዘው።»

ደገመችው። አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሰሙ። «አንዴ ጨምሪ» አሉ። ላቤ እየተንጠፈጠፈ ሳብሁ። ሲያልቅ ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«አልያዝሁትም። ያልያዝሁትን ደግሞ አላስርም። ይዘመር። ማነው የደረሰው?»

«እኔ» አለች እህት ታደለች። ይህን ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ስልኳን ዘጋች። «ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?» አለችኝ። እነሆ ያደረግሁት፦ ነክቼው የማላውቀውን ኦርጋን በአንድ ጠዋት ጠግኛለሁ። ኖታ ማንበብ ብቻዬን ተምሬአለሁ። የእህት ታደለችን መዝሙሮች ጽፌ በእያንዳንዱ ራስ ላይ ስሟን አኑሬአለሁ። ልጆቼን ሙያ አስይዣለሁ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ያ ቀኝ እጅ ሲጠራኝ፣ አልተከተልሁም።