የክንዱ ጉበትና የማንኩሳ ቅርጫ

ክንዱ በየማለዳው ቢላዋውን ይስላል። ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ከደጃፉ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ውኃ ጠብ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል። በማንኩሳ ለበዓል በሬ ሲታረድ የቅርጫውን ሥጋ የሚመድበው እሱ ነው፤ ከእሱ መደብ እጣ የወጣለት ሰው የጎረቤቱን አይመኝም። ጉበቱንም መጀመሪያ ገልብጦ ያያል። እብጠት ካገኘበት ቆርጦ ይጥላል፤ ለጥንቃቄ ከጤነኛው ሁለት ጣት ይጨምራል።

በ2005 ዓ.ም. ለትንሣኤ ሥጋው ላይ ማጎንበስ አቃተው። ግማሽ እንጀራ ሳይጨርስ ይጠግባል፤ ቀኝ ጎኑን አንድ ነገር ይገፋዋል። ፍኖተ ሰላም ሄዶ አልትራሳውንድ ቢነሳ ጉበቱ ላይ እብጠት ታየና ወደ ባሕር ዳር ተላከ።

እዚያ ያየችው የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ሜላት ነበረች። ካንሰር እንዳልሆነ፣ የተጠላለፈ የደም ሥር እንደሆነ ነገረችው። የሕፃን ራስ ስለሚያህል ግን ጨጓራውን ተጭኖታል፤ መውጣት አለበት። መንገዱ ሁለት ነው አለችው። አንዱ የጉበቱን ቀኝ ወገን ከነእብጠቱ ቆርጦ ማውጣት ነው። ሌላው እብጠቱን ከከበበው ስስ ሽፋን ላይ አላቆ ጉበቱን መተው ነው። እብጠቱ ጥልቅ ገብቶ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ከያዘ የመጀመሪያው ይሻላል። የክንዱ ግን ጠርዝ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ትመርጣለች።

ክንዱ አልተስማማም። ከጤነኛውም ጨምራ እንድትቆርጥ ለመናት፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንደዚያ ነው።

«የእርስዎ በሬ ከታረደ በኋላ አይደማም» አለችው። «ይኼ እብጠት ደግሞ ጎረቤቱን ይገፋል እንጂ አይበላም። ጤነኛውን ብቆርጠው ለማን ይመድቡታል?»

ክንዱ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ሚስቱ ካሰችም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ በምን እንደምታላቅቀው ጠየቃት። አብዛኛውን በጣቷ፣ ስለት ሳታበዛ እንደሆነ ስትነግረው ጡጫውን ጨብጦ አየው። ቆዳ ሲገፍፍ እሱም ቢላዋውን አስቀምጦ በጡጫው ነው የሚገፋው፤ አለዚያ ቆዳው ይበሳና ገበያ ላይ ፈላጊ ያጣል።

«እንደሱ ከሆነስ እሺ» አለ።

ለኅዳር ለተቀጠረው ቀዶ ሕክምና ደም ያስፈልግ ነበርና ስድስት የቅርጫ ባልደረቦቹ በአንድ ሚኒባስ መጡ። ጓደኛው ላቀው ወደ ክንዱ ጎንበስ ብሎ፣ «ስንት ዓመት መደብክልን፤ ዛሬ እኛ እንመድብልህ» አለውና እጁን ለመርፌው ዘረጋ። ደሙ ሲቀዳ ግን ራሱን አዙሮት ወንበር ላይ ተጋደመ፤ አምስቱም እስከ ማንኩሳ ድረስ ሲያበሽቁት ተመለሱ።

ክንዱ ከማደንዘዣው ሲነቃ ሜላት አጠገቡ ነበረች።

«ቆረጥሽው ወይስ ገፈፍሽው?»

«ገፈፍኩት።»

«ሳይበሳ?»

«ሳይበሳ። ጉበትዎም ሙሉ ነው።»

በሳምንቱ ካሰች ባቀረበችለት ሽሮ አንድ እንጀራ ጨረሰና ጨምሪ አለ። ከባድ ነገር እንዳያነሳ ስለተከለከለ ለገና መደቡን ያወጣው ላቀው ነበር። ክንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንዱን መደብ ሦስት ጊዜ አስፈረሰው።

በ2006 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ይውላል። በሬው ከቡሬ ገበያ ተገዝቶ መጥቷል፤ የሚመድበው ክንዱ ነው።