የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ

ታናሽ እህቴ አራስ ሆና ሳለ ገንፎ የማገነፋላት እኔ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ከኦስሎው ሊንደሩድ ሰፈር በባቡር ወደ እሷ ሰፈር፣ ቬስትሊ እሄዳለሁ፤ ባሏ በር ይከፍትልኛል፣ ጫማዬን አወልቄ በቀጥታ ወደ ኩሽና። ባሏ እንግሊዛዊ ነው። ልጁን ጄምስ አሉት።

ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሟች አባታችን ያዕቆብ ይባል ነበር። ወንድ ልጅ ከወለድኩ በእሱ ስም እጠራዋለሁ ብዬ የወሰንኩት ገና በልጅነቴ ነው። አርባ ዓመት አልፎኝ፣ ትዳሬም ፈርሶ፣ ያ ስም አሁንም የእኔ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው። እህቴ ባል አገኘች፣ ቤት አገኘች፣ ልጅ አገኘች። ስሙን ግን አልነካችውም።

አባባ በስሙ መቀለድ ይወድ ነበር። «ያዕቆብ ተረከዝ ያዥ ማለት ነው። የመንታ ወንድሙን ተረከዝ ይዞ ነው የተወለደው» ይለንና ወደ እህቴ ዞሮ፣ «ለአንቺ ነበር የሚገባው፤ የእህትሽን ተረከዝ መቼ ለቀሽ ታውቂያለሽ!» ይላታል። እውነቱን ነው። ትምህርት ቤት ተከተለችኝ፣ ኦስሎም ተከተለችኝ። ያመጣኋትም እኔው ነኝ።

ሕፃኑ በተወለደ በሳምንቱ እናታችን ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች።

«ጄምስ ምን ማለት ነው?» አለች። ትርጉሙን የማታውቀው ስም አይዋጥላትም።

እህቴ ባሏን ጠየቀችው። እሱም ሕፃኑን ትከሻው ላይ እንዳስተኛ በደስታ አብራራ፤ እሷ ተረጎመች። ጄምስ ከያዕቆብ የመጣ ነው። በላቲን «ያኮቡስ» ነበር፣ ቆይቶ «ያኮሙስ» ተባለ፣ በፈረንሳዮች አፍ አጠረ፣ እንግሊዞች ዘንድ ሲደርስ ጄምስ ሆነ።

«ያው አንድ ስም ነው» ብሎ ጨረሰ።

እናቴ እልል አለች። «ልጄ! አባትሽን አስነሳሽልኝ!»

እኔ ማማሰያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ገንፎው አረረ።

ስልኩ ሲዘጋ ባሏ ሕፃኑን ሊያጥበው መታጠቢያ ቤት ገባ። ወደ እህቴ አልጋ ሄድኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። «ያዕቆብ ልለው ነበር የፈለግኩት። ስሙ ለአንቺ ይቆይልሽ ብዬ ነው በእንግሊዝኛው ያደረግኩት።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰርቃኝ ቢሆን እጣላት ነበር፤ ያንገበገበኝ ስላዘነችልኝ ነው።

«ለማን ነው የሚቆየው? ለማን?» አልኳት። በድምፄ ሕፃኑ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ደንግጦ አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ለጥቂት ቀናት አልሄድኩም። ባሏ ሥራ መግባቱን ስሰማ ግን አራስ ብቻዋን መዋሏ አላስችል አለኝ። ሄጄ ገንፎ ሠራሁላት። እየበላች ሳለ፣ «ቤት ውስጥ ያዕቆብ በይው» አልኳት። «እማዬም እንደዚያ ትጥራው።»

አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። የሰጠሁት ከልቤ ነበር። ቅናቱ ግን አብሮ አልወጣልኝም።

የክርስትናው ዕለት ሰው ሁሉ፣ «የአባቷን ስም ያስጠራች!» እያለ መረቃት። ዕቃ እያጠብኩ እሰማለሁ። እሷም ከሰው መሃል ጮክ ብላ፣ «ስሙን የሰጠችው እህቴ ናት!» አለች። ደግነቷ አያልቅ። እንግዶቹ ዞረው አጨበጨቡልኝ። አንዲት እናት፣ «የአንቺንም ለማየት ያብቃን!» አሉኝ። እጄን በፎጣ እያደረቅኩ «አሜን» አልኩ።

አሁን ልጁ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል፤ እዚያ ጄምስ ነው፣ ቤት ያዕቆብ። አንዳንድ ቀን ሄጄ የማመጣው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ስትኖር፣ «እናቱ ነሽ?» ትለኛለች። ጃኬቱን እየቆለፍኩለት እቆያለሁ። ቶሎ አልመልስላትም።