የሚስስ ሉ ብፌ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ከሐኪም ቤት ስመልስ ዝናብ ጣለብንና ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ የድሮ ዕቃ መሸጫ ተጠለልን። ገና ስንገባ የአሮጌ እንጨትና የናፍታሊን ሽታ ተቀበለን፤ ከበሩ ጀርባ የወርቅ ወፎች የተሳሉበት ጥቁር የቻይና ብፌ ቆሟል። እናቴ እንዳታየው ብዬ ወደ ሳህኖቹ መደርደሪያ ወሰድኳት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ፓርክዴል ሰፈር ስንኖር፣ ፊት ለፊታችን ሚስስ ሉ የሚባሉ ቻይናዊት አሮጊት ነበሩ። ቤታቸው ቀለም እስኪቀባ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ ከእናታቸው የወረሱትን ብፌ እኛ ጋ በአደራ አስቀመጡ። እንግሊዝኛዋ ከ«ሄሎ» የማያልፈው እናቴ፣ ከዚያ ሁሉ ጎረቤት እኛ በመመረጣችን ቁመት የጨመረች እስኪመስል ኮራች። እሷ ደግሞ የተዋሰችውን ሳህን እንኳ አጥባ፣ አንድ ነገር ሳታደርግበት የማትመልስ ሴት ናት። ብፌው ላይ፣ ጠጋ ብለው ካላዩት ወፍ መሆኑ የማይለይ የደበዘዘ ቡናማ ሥዕል ነበር፤ ለእሷ የዘመናት የወጥ ቤት ጭስ መሰላት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጋ ፈትጋ፣ በላዩ ቫዝሊን ቀብታ፣ ፊት የሚያሳይ አድርጋው ጠበቀችኝ። ስፖንጁ ላይ ቢጫ ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር።

ሚስስ ሉ መጥተው ወፎቹ የነበሩበትን ቦታ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ፤ በጎኑ ዞረው አዩና ተመልሰው ዳሰሱ። ዐይናቸው እንባ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ ለእናቴ ጎንበስ ብለው፣ «ቬሪ ክሊን። ታንክ ዩ» አሉ። ቃል ሳልጨምር ሳላጎድል ተረጎምኩላት፤ የታጠበው ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳት።

እናቴ ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ ስታወራ፣ ብፌውም በየዓመቱ እየገዘፈ ሲሄድ፣ እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን አይ ነበር። በሰው አገር ሙያዋ የተመሰገነላት ያን አንድ ቀን ነው፤ እንዴት ብዬ ልንጠቃት?

ከሳህኖቹ ቀና ስል እናቴ ብፌው ፊት ቆማለች።

«ወርቅ ነበር?» አለችኝ።

ጣቷን ወፎቹ ላይ አሳረፈች።

«ሴትዮዋ ያን ጊዜ እያወቁ ነው ያመሰገኑኝ?»

«አዎ እማዬ።»

«ገመናዬን ሸፈኑልኝ» አለች ቀስ ብላ። «አንቺም።»

ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩላትን ኩራት ዝናብ እስኪያባራ ድረስ እንኳ ላቆይላት አልቻልኩም። እስከ ሰብዌዩ ባቡር ጣቢያ ልደግፋት እጇን ብፈልግ፣ ሁለቱንም ከኮቷ ኪስ አላወጣችም።